ሰባት ወር ተኝቷል

እንቅልፍ በልመና አይመጣም። አራት ዓመት ሙሉ ቀን እየተኛች ሌሊት የሠራች ሴት ይህን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ወፍራሙን መጋረጃ ግጥም አድርጋ ዘግታዋለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤት ደግሞ እንደ ልማዱ ግድግዳ መብሳቱን ይዟል፤ መሣሪያው ለአፍታ ዝም ሲል ተመስገን ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወዲያው ድርርርር ይላል። ስንት ሥዕል ቢሰቅል ነው ይሄ ሰውዬ? በል ብሳው፣ እስከዚህ ድረስ ብሳና ብቅ በል፣ አንድ ሰው እንኳ ቤቴ ይግባ ትላለች፤ ሳቋ ይመጣል፤ ሳቁ መሀል ላይ ይሰበርና ሌላ ነገር ይሆናል። አባቷ ሞቷል። የነገራት ሰው የለም። የነገራት ትናንት ከሰዓት በኋላ በገዛ እጇ የጻፈችው አሥራ አንድ መስመር ፕሮግራም ነው።

ነገሩ የጀመረው ከደብተር ነው። በአገሯ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ አሥራ ሰባት ዓመት። የበሽተኛ ካርድ ጠፋ ሲባል ሌላው መደርደሪያ ይገለብጣል፣ እሷ ቆም ብላ ታስብና ሦስተኛው ረድፍ፣ ከቀዩ ፋይል ጀርባ ትላለች፤ እዚያው ይገኛል። አባቷ መዝገቤ ነው የሚላት፤ ያውም ካርድ ክፍል ሳትገባ፣ ገና በልጅነቷ፣ የበደላትን ሰው ስለማትረሳ። ይቺ ልጅ ቂም የምትይዘው በቀንና በወር ነው ይል ነበር፣ በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ። ድምፁማ እንጀራው ነበር። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ተከሳሽ እገሌ! ሲል ጓሮ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው ተከሳሽ ብርጭቆውን ጥሎ ይሮጣል። እሷ ደግሞ ልማድ አይለቅምና እዚህ ሰው አገርም መጥታ ወደ ቤት የደወለችውን ሁሉ ትመዘግባለች፤ ቀኑን፣ ማን እንዳነሳ፣ ማን እንዳወራ፣ ምን እንደተባለ። አራት ደብተር ሞልታለች። ሰው ቢያይባት ታፍራለች፤ ከእናቱ ጋር ያወራውን የሚመዘግብ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ግን ብቻውን የሚኖር ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ሌላው ውሻ ይይዛል፣ እሷ ደብተር ያዘች፣ አለቀ።

በሳምንት ሦስት ቀን ከእንቅልፏ ላይ ሰርቃ ኮምፒዩተር ትማራለች። ኮምፒዩተሩን የሚያዙበት ቋንቋ ፓይተን ይባላል፤ የዘንዶ ስም ነው። በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ እሷን የሚያክል የለም፤ መምህሩ ራሱ ልጇ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ነገር ጠብ አላለላት፤ በሁለተኛው ግን ወይ ጉድ አለች፣ ይሄማ የኔ ካርድ ክፍል ነው! ሊስት የሚሉት የበሽተኛ ወረፋ ነው፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ። ሴት የሚሉት ደግሞ አለ፣ በእንግሊዝኛ ስብስብ ማለት ነው፤ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ቢነግሩት አንዱን ብቻ ይይዛል፣ የቀረውን ይጥላል፤ ስሙን ስትሰማ ብቻዋን ሳቀች፣ እኔንስ አይመስልም ብላ። ዲክሽነሪ ግን መደርደሪያው ራሱ ነው፤ ቁልፍ ትሰጪዋለሽ፣ ካርድ ያወጣልሻል። አንድ ክፉ ጠባይ አለው። በዚያው ቁልፍ ሌላ ነገር ካስቀመጥሽበት የፊተኛውን ሳይጠይቅ ይጥለዋል። ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ፣ የሰረዘው ሰው ፊርማ የለ። እጇን አውጥታ "ይሄ ነውር ነው" አለችው መምህሩን። "እኛ ካርድ ክፍል እንዲህ ያደረገ ሰው ይባረራል።" መምህሩ ሳቀ። "የድሮውም እንዲቀመጥ ከፈለግሽ ዳታቤዝ ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን ችሎ ይቀመጣል፣ ደስ ያለሽን ትጠይቂዋለሽ" አላት። ከዚያ ለሁሉም ሥራ ሰጠ፤ በደንብ የምታውቁትን ነገር ሰንጠረዥ ውስጥ አስገቡና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። አንዱ የኳስ ውጤት አመጣ፣ አንዷ የአትክልቷን ዘር። እሷ አራቱን ደብተር ይዛ ሄደች።

አራት መቶ አሥራ ሁለት ረድፍ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ ጣት እየለቀመች አስገባችው። ትናንት የመጀመሪያውን ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል ያንኑ የሰደበችውን ዲክሽነሪ አሰበችው፤ ክፉ ጠባዩ ለዚህስ ይሆናል። ረድፎቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል እያወጣች በሰው ስም ብታስቀምጣቸው፣ አዲሱ ቀን አሮጌውን እየጣለ ይሄድና በመጨረሻ የሚቀረው ከእያንዳንዱ ሰው ጋር መጨረሻ ያወራችበት ቀን ነው። አሥራ አንድ መስመር ጻፈች፣ አስኬደችው፣ አራት ስም ወጣ። እናቷ፣ ባለፈው እሑድ። ታላቅ እህቷ እትዬ፣ ባለፈው እሑድ። ማሙሽ፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ፀጉሩ ተመልጦ እንኳ ማሙሽ መባሉ ያልቀረለት፣ ረቡዕ። አባባ፣ ከሰባት ወር በፊት።

ተሳስቻለሁ ነው ያለችው። ደስም አላት እንጂ፤ ስህተት ማግኘት ትወዳለች። መምህሩን ጠራችውና "አባቴ ላይ የድሮ ቀን ነው የሚሰጠኝ፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?" አለችው። ጎንበስ ብሎ አነበበ። "ምንም ስህተት የለውም።" "አለው እንጂ! ቤት በየሳምንቱ ነው የምደውለው፤ ከአባቴ ጋር ሰባት ወር ሳላወራ አልቀርም።" "እንግዲያው ሰንጠረዡን ራሱን ጠይቂው።" ጠየቀችው። ያንኑ ቀን መለሰላት። ከዚያ ወዲህስ አለችው፤ ባዶ። "ባዶ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም" አለ መምህሩ፣ ለሁሉም እንደሚለው፤ "ባዶ ማለት አናውቅም ማለት ነው።" እናንተ አገር ይሆናል አለች በሆዷ። እኛ ቤት ባዶ ማለት ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ ጻፈች። በዚህ ሰባት ወር ውስጥ አባባስ? ብዬ የተመለሰልኝን ሁሉ አውጣ። ሠላሳ አንድ መልስ። ሠላሳ አንዱንም ሴት ውስጥ ከተተችው፤ ድግግሞሹ ረገፈ፣ አምስት ቀረ። ተኝቷል። ወጣ ብሏል። ገላውን እየታጠበ ነው። ለቅሶ ሄዷል። ስልኩ አይሰማውም። አምስት ውሸት ለሰባት ወር! ለኔ ሲሆን አዲስ መፍጠር እንኳ ከበዳቸው? አንድ እሑድ እናቷ ተኝቷል ብላታለች፤ በዚያው ቀን ማሙሽ ስልኩን ተቀብሎ ለቅሶ ሄዷል ብሏታል። ተኝቶ ለቅሶ! ካሜራውስ፣ በቪዲዮ እንዳንተያይ ተሰበረ ያሉት? እሱም የተሰበረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ተደርድሮ ሲታይ ሕፃን ያየዋል። እሷ ግን በየሳምንቱ ሰማችው፣ እሺ አለች፣ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ሥራዋን ሄደች።

እነዚህን ውሸቶች ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች፤ አብረዋት ነው ያደጉት። በዚያ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው ብቻውን ቆሞ አይረዳም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስትወድቅ የሚይዝሽ ባለበት ነው እንጂ። አያቷ ሲሞቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አክስቷ ሰው አገር ናት፤ የውሸቱ አለቃ ደግሞ አባባ። ሁሉንም ሰብስቦ የሚለውን ያስጠናዋል፤ አንተ ወጥተዋል በል፣ አንቺ ተኝተዋል በይ። አንድ ቀን ስልኩ ሲጮኽ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ አለች። "አባቴን አገናኚኝ የኔ ቆንጆ" ትላለች አክስቷ። ተኝተዋል ትላለች። ይሄ አልበቃ ብሏት "ልቀስቅሳቸው?" ብላ ትጨምርበታለች፣ እንዲታመን። "አይ ተዪያቸው፣ ይረፉ።" አያቷ ከተቀበሩ አምስተኛ ወራቸው ነው። በሦስተኛው ዓመት አክስቷ ለአባቷ የገዛችውን ሱፍ ካፖርት በክንዷ ይዛ መጣች፤ ሰው ቤቱን ሞልቶ ጠበቃት። ካፖርቱን በኋላ የለበሰው አባባ ነው፤ ትከሻው ላይ ልክክ አለለት። አክስቷ ስታለቅስ ውላ ሲመሻሽ ወደ እሷ ዞር አለችና "ልቀስቅሳቸው አልሽኝ" አለቻት። ሌላ ምንም አላለች። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎ እንኳ ያቺን ቃል ስታስባት ፊቷ ይግላል። ይኸው ተራሽ ደረሰ፤ የዘራሽውን ዕጨጂ። የለም! አላጭድም። አክስቴ ሦስት ዓመት ተሸወደች፣ እኔ ሰባት ወር፤ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን አልጨምርላችሁም። ለኔ ሰው የሚሰበሰብልኝ የት ነው? ማን ነው ይዞ የሚያረዳኝ፣ ይሄ ግድግዳ በሺው?

ገልበጥ ትላለች፤ ትራሱም ይሞቃል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የጻፈችው ይሄ ነው፤ አባባ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ጉንፋን ይዞታል። ከሱ በፊት ያለውም ላይ ጉንፋን። ከዚያም በፊት። አንድ ያልጻፈችው ነገር ግን አለ። "ምን ልትማሪ ነው አልሽ?" ይላታል በተዘጋ ጉሮሮው። "ፓይተን፣ አባባ፤ ወረፋ ይዣለሁ። ዘንዶ ማለት ነው።" "ወይ መዝገቤ! ሰው አጥታ ከዘንዶ ጋር ልታወራ ነው እንግዲህ!" ይስቃል፣ ይስላል፣ እንደገና ይስቃል። ቀልድ ነው፤ ቀልድ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። ግን ያን ቀን በዚህ አልጋ ላይ ታምማ ለዘጠኝ ቀን ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳትነጋገር ሰንብታለች፤ ሰው አጥታ የሚለው ሆዷ ውስጥ ገባ። "ሰው ያሳጣችሁኝ እናንተ ናችሁ!" ብላ ጮኸችበት፤ ሂጂ ያላት እንደሌለ ራሷ እያወቀች። ከዚያም ስልኩን ዘጋችበት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲጠራ የኖረ ሰውዬ "መዝ—" እያለ ቀረ። ለማንም አልተናገረችም፤ እሱም አልተናገረም መሰል፣ በሳምንቱ ስትደውል ነገሩን ማንም አላነሳባትም። ባዶ ቦታ የማትወድ ሴት ያቺን ብቻ ዘለለቻት። አሁን እሱ የለም፤ ይቅርታ የሚባለው ነገር ለማን ይባላል?

ዛሬ ጠዋት ከምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ ተቆጣጣሪዋ፣ ሁሉም ሰው ፊሽካ የሚላት፣ በር ላይ አስቆመቻት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አንሶላ መተኮሻው ግን እንባውን ፊቷ ላይ እያደረቀው ጨው ብቻ ነው የቀረው። "ምን ሆነሻል?" "አባቴ ሞቷል።" "መቼ?" "አላውቅም።" ፊሽካ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ቀነሰች። "ሰው ሞቶባት አንሶላ ስታጥፍ የምታድር ሴት ዛሬ አየሁ። ሦስት ቀን ዕረፍት መብትሽ ነው፤ ቅጹን በስልክሽ ሙዪና ተኚ" አለቻት። ይኸው ቅጹ። ስም፣ ሞላች። የሟች ዝምድና፣ ሞላች። የሞተበት ቀን፤ አጠገቡ ቀይ ኮከብ አለበት። ዘለለችው። ይህን ቦታ ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም ይላታል። ዜሮ ጻፈች። ትክክለኛ ቀን ያስገቡ። አንዱን ቀን ገምታ ብትሞላ ማን ያውቅባታል? ማንም። ወር ጻፈች፣ ቀን ጻፈች፣ የሰው ሁሉ ቀን ይመስላል፤ ጣቷን ላክ የሚለው ላይ አደረገች። አይሆንም! አሥራ ሰባት ዓመት የማንንም በሽተኛ ቀን በግምት ያልሞላሁ ሴት የአባቴን ቀን በግምት አልሞላም። ሰረዘችው። ተነሥታ መጋረጃውን ከፈተችው፤ ብርሃኑ ዓይኗን አጠፋው። ቀኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ይናገራሉ። ደወለች።

እናቷ አነሳች። "እንዴ! ዛሬ እሑድ ነው እንዴ? ደህና ነሽ? ለምን አልተኛሽም?" "ደህና ነኝ እማማ። አባባስ?" "አባትሽማ ይኸው አሁን ገና ጋደም አለ።" እንዴት ቀላል ነው! ትንፋሿ እንኳ አልተዛነፈም። "ቀስቅሺው።" "እ?" "ቀስቅሺው እማማ። ሰባት ወር ተኛ፣ ይበቃዋል።" እናቷ ሳቅ ሞከረች። "ሰውዬው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ—" "አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እናንተ ናችሁ አውቃችሁ የተኛችሁት! ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ቅጽ ላይ የምሞላው አለ። የሞተበትን ቀን።"

"ምላስሽን ያድርቀው!" አለች እናቷ። "ማንን ነው በቁሙ የምትገድይው?"

"እኔ ነኝ ገዳይ? ሰባት ወር ሙሉ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጠይቄ ሠላሳ አንድ ጊዜ የዋሻችሁኝ እናንተ! ጽፌዋለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ደርድሬዋለሁ። ተኝቶ ለቅሶ የሄደ ሰው በየት አገር አለ?" መጮኋን ያወቀችው የጎረቤቱ መሣሪያ ዝም ሲል ነው። ይስማ። ስልኩን እትዬ ነጠቀች። "ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ማን ነገረሽ?" አለቻት።

ማን ነገረሽ። በቃ። የቀረ ነገር የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እስካሁን ከሆዷ ስር አንዲት ትንሽ ነገር ምናልባት ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናል ትላት ነበር፤ አሁን እሷም ጠፋች። "ማንም አልነገረኝም እትዬ። የሚነግረኝ ሰው ስላላስቀራችሁልኝ ራሴ ለራሴ አረዳሁ። ማን ፈቀደላችሁ? ሕፃን ነኝ? እዚህ አገር ብቻዬን ታምሜ ብቻዬን የተነሳሁ፣ የማላውቀውን ቋንቋ ሁለት ጊዜ፣ የሰውንም የኮምፒዩተሩንም የተማርኩ ሴት፣ ሐዘን ነው የማይቻለኝ? ሐዘኔ የኔ ነው! አምጡልኝ!"

ከወዲያ ጫፍ አንድ ነገር ጧ አለ። "ምንድን ነው እሱ?" "ምንም፣ በሩ ነው" አለች እትዬ። ጧ! ጧ! ጧ! ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ይሰማል፤ ማሙሽ "ኧረ አባባ ተው! ተረጋጋ!" ይላል።

"ምን አለ ማሙሽ አሁን?" አለች።

እትዬ ማልቀስ ጀመረች። "አባባ ነው። ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው። ሞቷል ስትዪ ሰምቶሽ።" ቃሉ እየተቆራረጠ ወጣ። ጉንፋኑ ጉንፋን አልነበረም። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ቆርጠው አወጡት፣ ድምፁን ጭምር። አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው፤ ከአፉ አንድ ድምፅ አይወጣም። ድምፄ ሲመለስ ራሴ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ ትንፍሽ ያለ ልጄ አይደለም ብሎ በወረቀት ጻፈላቸው። አይመለስም ብለውታል ሐኪሞቹ፤ የሚሰማ ሰው መስሎሻል? "በየእሑዱ ስልኩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሸሚዝ ለውጦ። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። የምታወሪውን ሁሉ ይሰማል።"

ልቧ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋው። ደስ ይበላት? ትሳደብ? ደግሞስ ለምን ታምናለች? እነዚህ ሰዎች አይደሉም እንዴ አሁን፣ ከደቂቃ በፊት፣ ጋደም አለ ያሏት? በሩ ነው ያሏት? የሰው ሞት ሦስት ዓመት የደበቀ ቤት አንድ ጠረጴዛ መደብደብ ያቅተዋል? ማሙሽ መዳፉ ሰፊ ነው። በሷ ቤት ደግነት ያላደረገው ነገር የለም፤ ሬሳ ያስነጥሳል። "አላምናችሁም" አለች። "ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪውና ሁላችሁም ወዲያ ዞር በሉ። ማንም እንዳይናገርለት።" ወንበር ሲጎተት ሰማች። ትንፋሽ ሰማች፤ ሻካራ፣ እንደ ፉጨት የሚያደርገው፣ የማታውቀው ትንፋሽ።

"አባባ። አዎ ከሆነ አንዴ ምታ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። አንተ ነህ?"

ጧ።

"ደህና ነህ?"

ጧ።

"ትምህርቴን ልቀጥል?"

ጧ። ሁሉም አዎ፣ ሁሉም ደህና፣ ሁሉም እንዳልሽው የኔ እናት። ይሄን ማሙሽም አያቅተው፤ ከዚያ ቤት ሰባት ወር ሙሉ ሲላክላት የኖረው ይሄው አይደል፣ ማር የተቀባ ነገር። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ከሷና ከሱ በቀር ሰው ያልሰማው፣ ደብተሯ እንኳ የማያውቀው። ብትጠይቀው ትፈራለች። ባትጠይቀው ደግሞ ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ባዶውን ይቀራል።

"አባባ። ያን ቀን ስልኩን የዘጋሁብህ ጊዜ፣ ተቀይመኸኛል?"

እናቷ ከሩቅ "መቼ ዘጋሽበት? ኧረ ምን ሲደረግ ይቀየምሻል የኔ ልጅ፣ እሱ እኮ አንቺን—" አለች።

"እማማ ዝም በይ! እሱን ነው የጠየቅኩት።"

ያ የሚያፏጭ ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። ከዚያ፣

ጧ!

ሁለተኛ እስኪመታ ጠበቀች። አልመታም። አንዴ ብቻ፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ። እናቷ "ውይ አንተ ሰውዬ! አሁን ይሄ ምን ይባላል፣ ለታመመ ልብ—" ስትል ይሰማል። እሷ ግን ቆማለች፤ መቼ እንደተነሳች አታውቅም፤ አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ በጣቶቿ መሀል እየወረደ ትስቃለች፣ ሆዷን እስኪያማት ትስቃለች። ማሙሽ ቢሆን አይደፍራትም። እትዬ ብትሆን ታባብላታለች። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ ፊት ለፊት ተቀይሜሻለሁ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

"እሰይ!" አለችው። "እሰይ አባቴ! እኔም ተቀይሜሃለሁ። ሰባት ወር ነው የያዝኩብህ። በል እነሱን ከክፍሉ አስወጣቸውና ወንበርህን ጠጋ አድርገህ ተቀመጥ፤ ልንጣላ ነው።"